ለሌላ ሰማይ የተስተካከለው ሞተር

ኮልፌ 18 ማዞሪያ፣ አዲስ አበባ
ጥር 25 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለሀይፋ አባት ለመህዲ
ሻርጃ

አሰላሙ ዓለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካቱህ። እንደምን ሰነበትክ? ወገብህን ተሻለህ ወይ? ክኒኑን ምግብ ሳትበላ እንዳትወስድ፣ ጨጓራህን ታውቀዋለህ። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። የመጋረጃ ሥራው በሠርግ ምክንያት ጦፏል፣ እኔም ከስፌት መኪናዬ ቀና የምለው ለሶላትና ለምግብ ብቻ ነው።

በዚህ ዘመን ደብዳቤ ምን አመጣው ትል ይሆናል። በስልክ ስናወራ ወሬው ወደ ሀይፋ ኒካ ሲጠጋ ኔትወርክህ ይጠፋል። ወረቀት ይህ ችግር የለበትም። የጎረቤታችን የእትዬ ዘነበወርቅ ልጅ ፈቀደ ነገ ወደ ሻርጃ ስለሚመለስ በእጁ ሰድጄልሃለሁ።

ጉዳዩን ታውቀዋለህ። ሀይፋ ረመዳን ሳይገባ ኒካዋ ይታሰራል፣ አንድ ልጅህ ናት፣ የሚድራት አባቷ ነው። የእጮኛዋ የኢብራር ሽማግሌዎች በመጡ ቁጥር ከሰላምታ ቀጥሎ የሚጠይቁኝ "አባትየው መቼ ይገባሉ?" ብለው ነው። እኔም "ይመጣል" እላለሁ። ለዒድ ይመጣል አልኩ፣ ለዐረፋ ይመጣል አልኩ፣ አሁን ደግሞ ለኒካው ይመጣል እያልኩ ነው። ምላሴ ለምዶታል። አንተን ስንጠብቅ ሞተር መጣልን።

ሞተሩን ልጅቷ አልጠየቀችህም አልልም። ቤቴል ሰፈር በምታስተምርበት ትምህርት ቤት፣ ያንን የላክህላትን ርካሽ ቴሌስኮፕ ግቢው ውስጥ ተክላ ተማሪዎቿን ታሰልፋለች። ጁፒተርን አነጣጥራ "ና እይ" ስትል፣ ልጁ መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን እስኪያስጠጋ ኮከቡ ከመስታወቱ ወጥቶ ይሄዳል። መሬት ትዞራለች ማለት ይኼ ነው አለችኝ። ስለዚህ እኔ ጎኗ በርጩማ ላይ ተቀምጬ ትንሿን መዘውር ቀስ እያልኩ አዞርላት ነበር። የስፌት መኪና ሲያዞር የኖረ እጅ ነውና አልተቸገርኩም። እንዲያውም እወደው ነበር። ከልጄ ጋር ሥራ ፈትቼ የምውልበት ሌላ ሰዓት የለኝም።

እሷ ግን "እማ፣ ብርድ ይመታሻል" እያለች አስቸገረችኝ። ላንተ የደወለችልህ እለት አጠገቧ ነበርኩ። "አባ፣ መዘውሩን የሚያዞር ሞተር አለ፣ ስትመጣ ይዘህልኝ ና፣ አንተው ትገጥምልኛለህ" ነው ያለችህ። አንተ ከዚህ ሁሉ የሰማኸው ሞተር የሚለውን ብቻ ነው።

ፈቀደ ካርቶኑን ከሻርጃ ይዞ ሲመጣ ሀይፋ እንደ ሕፃን ዘለለች። ከነመቀመጫው ገጥመህ፣ ሽቦውን አስረህ፣ ባትሪውን ሳይቀር ከተህ ልከኸዋል። የእጅ ሥራህን አልክድም፣ ድሮም ንጹሕ ነው። መቀመጫውን የምታጋድለውን ብሎን በመንገድ እንዳትላላ ብለህ በሱፐር ግሉ አጣብቀሃታል። ላይዋ ላይ "እንዳትነኩት፣ ልኩ ይኼ ነው" የሚል ወረቀት ለጥፈሃል። እኛም አልነካንም። የአባወራ ቃል ይከበራል።

ቅዳሜ አመሻሽ ላይ ሀይፋ ለመጀመሪያ ጊዜ በሞተሩ ልታሳይ ተነሳች። የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር መጣ፣ ወላጆች መጡ፣ ኢብራርም ከአጎቱ ጋር መጣ። ሀይፋ "ይኼን አባቴ ነው የሠራልኝ" ብላ ለሁሉም ተናገረች። ሞተሩ እዝዝ ማለት ጀመረ። ዳይሬክተሩ ጎንበስ ብሎ አየና "እኔ ምንም አይታየኝም" አለ። መልሳ አነጣጠረች፣ አሁንም አመለጣት። ወላጆቹ ስልካቸውን ማየት ጀመሩ። እኔ መዘውሯን ልይዝ ተነሳሁ፣ ለካ ሞተር ከገባ በኋላ በእጅ አትዞርም። ልጄ እዚያ ሁሉ ሰው ፊት ላብ ሲያጠምቃት ቆሜ አየሁ።

እዚያው ሆና ደወለችልህ። ድምፅህን ሁላችንም ሰምተነዋል።

"ልክ ነው ስልሽ! እዚህ ጣሪያዬ ላይ ሞክሬዋለሁ፣ ንቅንቅ አላለም።"

"አባ፣ ወደ ሰሜን ኮከብ ነው መዞር ያለበት አይደል? እናንተ ጋ ኮከቡ ከፍ ይላል። እኛ ጋ እኮ እንጦጦ ጫፍ ላይ የተኛ ነው። ያጋደልከው ለእናንተ ሰማይ ነው።"

"የምን የእናንተ የእኛ ነው? ሰማይ ሰማይ ነው!"

"አባ፣ እዚህ ኮልፌ ነው እኮ" አለችህ። አንተም "በኋላ እደውላለሁ" ብለህ ዘጋኸው። አልደወልክም።

መህዲ፣ እውነቱን ልንገርህ፣ በሞተሩ አልተናደድኩም። ሰው ይሳሳታል። ግን ተወልደህ ያደግህበትን ሰማይ ረስተህ የምትኖርበትን ልክ ነው ብለህ አጣብቀህ ላክህልን፣ ያ ነው ያንገበገበኝ። አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ ይባል የለ። ብሎኗን በእሳት ብናሞቃት፣ በመዶሻ ብንላት እምቢ አለች። በመጨረሻ ሀይፋ አጠና ተራ ሄዳ እንጨት በሰያፍ አስቆርጣ ከመቀመጫው ስር ወሸቀችበት፣ የአንተን ማጋደል በሌላ ማጋደል መለሰችው። አሁን ጁፒተር አይሸሽም። ተማሪው ሁሉ ተራውን ጠብቆ አራቱን ጨረቃዎች ይቆጥራል። እኔም አታስፈልጊም እንደተባለ ሰው እቤቴ ተቀምጫለሁ፣ ሀይፋ ግን እንደዚያ አላለችኝም።

ያን ምሽት ከቤቴል ስንመለስ ታክሲ ውስጥ "እማ፣ አባ አይመጣም አይደል?" አለችኝ። "ይመጣል" አልኳት። "ለእነሱ በይ፣ ለእኔ አትበይኝ" አለችኝና ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። እኔም ለረዳቱ "ወራጅ አለ" አልኩ። ገና ሁለት ፌርማታ ይቀረን ነበር።

እንዲህም ሆኖ እስከ ትናንት ድረስ ልለምንህ ነበር ያሰብኩት። ለምኜ የምጽፈው ሌላ ደብዳቤ ነበር። ትናንት ግን ፈቀደ "እትዬ ጁወይሪያ፣ የሚላክ ነገር ካለ ሻንጣዬን ልዘጋ ነው" ብሎ መጣ። ለአንተ ቅቤና ሚጥሚጣ አዘጋጅቼ ነበር። እሱም ሻይውን እየጠጣ፣ ልቡ ንጹሕ ነው መቼም፣ "ለልጆቹስ ምን ልያዝላቸው? ትንሹ ሞተሩ ሲሞከር አባቱን አላሠራ ብሎት ነበር እኮ" አለኝ። ወዲያው ፊቱ ተለዋወጠ፣ ብርጭቆውን የሚያስቀምጥበት ጠፋው። እኔም አላፋጠጥኩትም። እንግዳ አያሳፍሩም። "የምትሄድ ጠዋት ና፣ አዘጋጅቼ እጠብቅሃለሁ" ብዬ ሸኘሁት። ሌላውን ሆድ ይፍጀው።

ስለዚህ ና ብዬ አልለምንህም። ወንድምህ ሰይፈዲን እዚሁ አለ፣ ሀይፋን ያሳደጋት እሱ ነው ቢባል ሐሰት አይደለም። ሼኹን ጠይቄያቸዋለሁ። "አባትየው መምጣት ካልቻለ ምስክር ባለበት ደውሎ ወንድሙን ይወክል፣ ይበቃል" ብለዋል። ለሀይፋም ነግሬያታለሁ፣ "አጎቴ ይሁን" ብላለች። ከአንተ የምፈልገው አንድ ነገር ነው። ደውልና "ልጄን እንድትድርልኝ ወክዬሃለሁ" በለው። በዚያች ሰዓት ብቻ ኔትወርኩ እንዳይጠፋ።

አላህ ጤናህን ይጠብቅልህ፣ ሪዝቅህን ያስፋልህ፣ ያለህበትንም ቤት ሰላም ያድርገው።

ቅቤው ከሚጥሚጣው ጋር በትልቁ ላስቲክ ነው። በትንሹ ላስቲክ ያለው ዳቦ ቆሎ የልጆቹ ነው። በርበሬ አላበዛሁበትም፣ ትንሹ ስንት ዓመቱ እንደሆነ ስላላወቅሁ።

የሀይፋ እናት
ጁወይሪያ