የጋሽ አፍንጫ የቱቦ ሥዕል

ውድ አባታችን ከአናጢ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው የካቲት 9 ቀን 1944 ዓ.ም. ተወለዱ። የመጀመሪያና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በሰፈራቸው ካጠናቀቁ በኋላ ቴክኒክ ትምህርት ቤት ገብተው በአውቶ መካኒክነት ተመረቁ። ከ1965 ዓ.ም. ጀምሮ ጡረታ እስከወጡ ድረስ ለአርባ አንድ ዓመታት በአንድ ጋራዥ አገልግለዋል።

ቤንዚን የሚያፈስ መኪና ገና በር ላይ ሲደርስ በማሽተት ብቻ ስለሚያውቁ ባልደረቦቻቸው “ጋሽ አፍንጫ” ይሏቸው ነበር። መጀመሪያ ላይ ተቆጡ፤ ኋላ ግን ራሳቸው ስልክ ሲያነሱ “አፍንጫ ነኝ” ማለት ጀመሩ።

በ1970 ዓ.ም. ከመምህርቷ እናታችን ጋር ትዳር መሥርተው አንዲት ሴትና አንድ ወንድ ልጅ አፍርተዋል። በዚያው ዓመት የገዟት ነጭ መኪና ለቤታችን እንደ ሦስተኛ ልጅ ነበረች። እናታችን የቤንዚን ሽታ ስለማይስማማቸው በዝናብም በብርድም መስኮት ከፍተው ነበር የሚሄዱት። “ሽታው የመኪናዋ ነው ወይስ ያንተ?” እያሉም ያሾፉባቸው ነበር። አባታችን አንድ ቀን ሽታውን አጥፍተው መስኮት ተዘግቶ እንደሚወስዷቸው ቃል ገቡላቸው። የሰው መኪና ሲጠግኑ ለራሳቸው ሳይደርሱ እናታችን በ2008 ዓ.ም. አረፉ። መኪናዋም ከዚያ ወዲህ ግቢ ውስጥ ቆመች።

ባለፈው ዓመት ሳንባቸው ታሞ አልጋ ላይ ሲውሉ አንድ ነገር ብቻ ከነከናቸው። መስኮቱ እንደተዘጋ እስከ እናታችን መቃብር ድረስ ሄደው ቃላቸውን መፈጸም ፈለጉ። ሽታው የሚመጣው ከሞተሩ አጠገብ ካለው፣ ከሰል ከተሞላው ጣሳ ነበር። ጣሳው ከነዳጅ ታንኩ የሚወጣውን ትነት ይዞ ያቆያል፤ ሞተሩ ሲነሳ ደግሞ ትነቱን በቀጭን ቱቦ ስቦ ያቃጥለዋል። ቱቦዎቹ በስብሰው ወልቀው ስለነበር የቱ የት እንደሚገባ የሚያውቁት እርሳቸው ብቻ ነበሩ። ወረቀት ላይ ሥለው፣ የታንኩን ቱቦ ግራ፣ የሞተሩን ቀኝ ብለው ጽፈው ለእኔ ለሴት ልጃቸው ሰጡኝ።

የመኪና ግራ የሾፌሩ ግራ ነው ብዬ አዳዲስ ቱቦዎች ገጠምኩ። ሞተሩን ሳስነሳ የቤንዚኑ ሽታ መኪናዋን ሞላት። ሥዕሉን የተሳሳቱ መስሎኝ፣ ሕመሙ የአባቴን አእምሮም ወሰደው አልኩ። ወደ አልጋቸው ስመለስ አፍንጫቸው ላይ የኦክስጅን ቱቦ እንዳለ፣ “ይሸታል?” አሉኝ። እውነቱን ለመናገር አቅም አጣሁ። “ምንም አይሸትም አባዬ” አልኳቸው። ወደ እናታችን ፎቶግራፍ ዞረው “ሰማሽ?” አሉ። ከሦስት ቀን በኋላ፣ ግንቦት 14 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ በተወለዱ በ72 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ተለዩ።

ትናንት ሊያጽናኑን የመጡ የጋራዥ ባልደረባቸው ወረቀቱን አይተው፣ “ጋሽ አፍንጫ እኮ የሚሥሉት ከኮፈኑ ፊት ቆመው ነው፤ የእርሳቸው ግራ ለሾፌሩ ቀኝ ነው” አሉ። ሁለቱን ቱቦዎች አቀያየርን፤ ሞተሩንም አስነሳን። ሽታው ጠፋ።

ይህን የጻፍኩት ሰው ሁሉ እንዲያውቅልኝ ነው። አባታችን እስከ መጨረሻዋ ቀን አእምሯቸው ሙሉ ነበር፤ አልተሳሳቱም። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። የዋሸኋቸውም እኔ ነኝ፤ ይህም እስክሞት ይቆጨኛል።

አባታችን ሁለት ልጆች፣ አምስት የልጅ ልጆችና አንድ ታናሽ ወንድም ትተው አልፈዋል። ዛሬ አስከሬናቸውን የምትከተለው ነጭ መኪና እርሷ ናት፤ እናታችን አጠገብ እስኪያርፉ ድረስ መስኮቷ አይከፈትም። አምላክ ነፍሳቸውን ከሚወዷት ባለቤታቸው ነፍስ ጋር በሰላም ያኑርልን።

አባዬ፣ አሁን እውነቴን ነው፤ አይሸትም።