የማንቆርቆሪያው ዱቄት

ይድረስ ለማልረሳሽ ወዳጄ፤

ጤናሽ እንዴት ነው? የፖርት ሊንከን ንፋስ ያንን ክፉ ሳልሽን አልቀሰቀሰብሽም? ተማሪዎችሽስ ያደምጡሻል ወይስ ያስጮኹሻል? እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ደረጃ ሲያይ ያጉረመርማል እንጂ ሌላ ሕመም የለብኝም። ባለቤቴ ዴዝመንድ ካረፈ አሥራ አንድ ዓመት ሆነው፤ ቤቱን የሞሉልኝ መጻሕፍት ናቸው።

ይህን ደብዳቤ ስንት ጊዜ ጀምሬ እንደቀደድሁት አልነግርሽም። ዛሬ ግን እጄ አልከበደኝም።

ያኔ ላብራቶሪው ውስጥ፣ ሙከራሽ መሥራቱን የሚያሳየው ጥቁር መስመር ከፊልምሽ ላይ የጠፋው በእኔ ምክንያት ነው። የአደሌይድ ውሃ ጠርሙስ ላይ ነጭ ነገር እንደሚተው ታውቂያለሽ። ፕሮፌሰሩ አንዱን ጠርሙስ ወደ መስኮቱ አንሥተው፣ “ይኼ ታጥቦ ነው?” ብለው በሰው ፊት ሲያሳፍሩኝ፣ ነጩን ከማንቆርቆሪያ የሚያስለቅቀውን ዱቄት አውርጄ ጠርሙሶቹን ዘፈዘፍሁበት። ዴዝመንድ በአስም ታፍኖ ሆስፒታል የገባበት ሳምንት ነበር፤ አውቶቡስ እንዳያመልጠኝ አንዴ ብቻ እያለቀለቅሁ እሮጥ ነበር። ጠርሙሶቹ አበሩ። የአንቺ ሙከራ ግን ሦስት ጊዜ ከሸፈ፤ ፕሮፌሰሩም “ታዲያ የመጀመሪያውን ውጤት ከየት አመጣሽው?” አሉሽ። ሁሉም ሰማ። እኔም የታጠበ ብልቃጥ ይዤ በር ላይ ቆሜ ሰማሁ። ጠረጠርሁ፤ ግን ሥራዬን ፈርቼ ዝም አልሁ። ብዙም ሳይቆይ ለቀሽ ሄድሽ።

ማንበብ የጀመርሁት በደሌን ልመዝን ብዬ ነው። አንቺ ታጠኚው የነበረው ሆርሞን ሴል ውስጥ ገብቶ ተቀባይ የሚባለውን ፕሮቲን ሲያገኘው፣ ተቀባዩ ከአቻው ጋር ተጣምሮ ዲኤንኤውን ይጨብጣል፤ ያን ጊዜ ነው አንዱ ጂን ሥራ የሚጀምረው፣ ሌላው ዝም የሚለው። ዴዝመንድን ያስተነፈሰው ክኒን እንኳ የሠራው በዚሁ መንገድ ኖሯል። ተቀባዩ የሚጨብጥባቸውን ጣቶች ቅርጽ የሚያስይዛቸው ደግሞ ዚንክ ነው፤ ዚንኩ ከሄደ ጣቶቹ ይፈታሉ፤ መስመሩም ይጠፋል። ጠርሙሱ ላይ የቀረው የእኔ ዱቄት ደግሞ ዚንክ ይነጥቃል። ይህን ያነበብሁ ቀን መጽሐፉን ዘግቼ ምሳዬን ሳልቀምስ ዋልሁ።

ባለፈው ሳምንት ላብራቶሪው ወደ አዲሱ ሕንፃ ሲዛወር፣ አሁን የምትመራው ኮራሊ የድሮ ዕቃ እንድለይላት ጠራችኝ። ቀልደኛ ናት፤ “እትዬ፣ ይህን ሁሉ ጠርሙስ አጥበው ጣቶችዎ አለመሟሟታቸው!” ትለኛለች። ከአንድ መሳቢያ ውስጥ የአንቺ ደብተር ወጣ። የመጨረሻው ገጽ ላይ በእጅ ጽሑፍሽ፣ “ጠርሙሱን ስድስት ጊዜ አለቀለቅሁ፤ ዚንክ ጨመርሁ፤ መስመሩ ተመለሰ” ይላል። ፊልሙም አጠገቡ ተለጥፏል። ቀኑ ሰኞ ነው። አንቺ የለቀቅሽው በዚያው ሳምንት ረቡዕ ነበር።

ኮራሊ ሁለት ጊዜ አነበበችውና፣ “ይቺ ሴትዮ እኮ ልክ ነበረች! ለምን አላሳየቻቸውም?” አለች። ያን ጊዜ ባዶ ሣጥን ላይ ቁጭ ብዬ ሁሉንም ነገርኋት፤ ዱቄቱን፣ አውቶቡሱን፣ ዝምታዬን። ትቆጣኛለች ስል አቀፈችኝ። ፊልሙን ከነስምሽ አዲሱ ሕንፃ መግቢያ ላይ ልትሰቅለው ነው፤ ጡረታ ለወጡት ፕሮፌሰርም ገጹን ይዛላቸው ትሄዳለች። ጥፋቱ የማን እንደነበረም ትንገራቸው ብያለሁ። ከዚያ ቀን ወዲህ እንቅልፌ እንደ ሕፃን ሆኗል።

የጥያቄዋን መልስ ግን ለአንቺ አቆየሁት። በዚያ ሰኞና በዚያ ረቡዕ መካከል የነበረውን ማክሰኞ እያሰብሁ ነበር። ማጠቢያው ክፍል መጥተሽ፣ “እትዬ፣ ዴዝመንድ እንዴት አደሩ?” ብለሽ ጠየቅሽኝ፤ ከሥራ ያስወጡኝ ይሆን ብዬ እንቅልፍ እንዳጣሁ ነገርሁሽ። ስትወጪ የዱቄቱን ቆርቆሮ ከመደርደሪያዬ አነሣሽና፣ “ይቺን ለቤቴ ማንቆርቆሪያ ልስረቅዎት፤ እርስዎ ደግሞ ውሃ አይሰስቱ፣ ደጋግመው ያለቅልቁ” አልሽኝ። ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ እኮ!

ደጅሽ ሰው አይጣ፤ ደረትሽ ሳል አይወቅ፤ እንዳቀለልሽልኝ ይቅለልሽ።

አንድ ነገር ብቻ መልሺልኝ፦ ለመሆኑ ማንቆርቆሪያሽ ጠራልሽ?

ጠርሙስ አጣቢዋ ወዳጅሽ