የባሱንዳው ሀፊር

ጥር 14 ቀን 1977፣ ገዳሪፍ፣ ሱዳን

ዛሬም ካርታ። የእርዳታ መኪኖቹ የሚሄዱበትን፣ ከድንበሩ እስከዚህ ያለውን አገር ስስል ዋልኩ። የመኪና መንገድ ወፍራም መስመር፣ የእግር መንገድ ቁርጥራጭ፣ ካምፕ ሦስት ማዕዘን፣ ውኃ ሰማያዊ ነጥብ። ጎንደር የተማርኩት ሙያ እዚህ እንጀራ ሆነኝ።

ጥር 17

ሀፊሮቹ አስቸገሩኝ። የዝናብ ውኃ የሚጠራቀምባቸው ጉድጓዶች ናቸው፤ አንዳንዱ በበጋ ይደርቃል። ለሚደርቁት መሐሉ ባዶ የሆነ ክብ ልሳል አልኩ። አለቃዬ በድሩ ሳቀብኝ።

"ስማ ደጉ፣ የሚያየው ሾፌር ነው። ውኃ ውኃ ነው፤ አታወሳስበው።"

የትኛው እንደሚደርቅ እኔስ መች አውቃለሁ? ሄጄ አላየሁ። ሁሉንም በሰማያዊ ሞላሁት። ሲያምር...

ጥር 26

ከመተማ የመጣ ሰው እህቴ እናኑ ወደዚህ መነሳቷን ነገረኝ። በእግሯ። ከተለያየን ሰባት ዓመት። ራሴ መመለጡን ስታይ ምን ትል ይሆን? ከጎረቤት አልጋ አመጣሁላት።

የካቲት 5

አልመጣችም።

የካቲት 8

እንግዳው የሚባል የቋራ ሰው ቢሮው በር ላይ ጠበቀኝ። ከእናኑ ጋር የመጣ። የእርዳታ መኪናው ሕፃናቱንና በሽተኞቹን ጭኖ ሲሄድ፣ ሾፌሩ የቀሩትን ከባሱንዳ መንደር ወዲያ ባለው ሀፊር ጠብቁኝ አላቸው።

"ካርታ ገልጦ አሳየን። ውኃ አለ አለን። ስንደርስ የተሰነጠቀ ጭቃ።"

"መኪናውስ?"

"በሦስተኛው ቀን መጣ። እሷ በሁለተኛው..."

አልጨረሰውም። በኮዳዋ የቀረውን ለአንዲት ነፍሰ ጡር ሰጥታ ነበር አለኝ። እናኑ እንዲህ ናት።

የካቲት 9

ለእንግዳው ነገርኩት። "ያንን ነጥብ የሳልኩት እኔ ነኝ።"

ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር።

"ሄደህ አይተኸው ነበር?"

"አላየሁትም።"

"መኪና ስናገኝ የቀበርናትን ቦታ አሳይሃለሁ።"

የካቲት 12

በድሩ ካርታዎቹን ከሾፌሮቹ ሰብስቦ ቀደዳቸው። "እኔ ነኝ ያስሳልኩህ" አለ፣ መሬት መሬት እያየ። እውነቱን ነው። እጁ ግን የኔ ነው...

የካቲት 21

ቢሮ መቀመጥ ትቻለሁ። ለአዲሱ ካርታ ከሾፌሮቹ ጋር እየዞርኩ እያንዳንዱ ሀፊር ውስጥ እወርዳለሁ። ካየኋቸው አሥራ አንድ ሀፊሮች ዘጠኙ ደርቀዋል።

ዛሬ እናኑ መቃብር ደረስን። እንግዳው ድንጋዮቹን አስተካከለ።

"እሷንም ካርታው ላይ ታስገባታለህ?"

"አላስገባትም። ምልክት ያየ ሾፌር የሚጭነው ሰው ያለ መስሎት ይመጣል።"

ራሱን በእሺታ ነቀነቀ። ተደፍቼ ይቅር በይኝ አልኳት። ስንት ጊዜ እንዳልኩ አላውቅም።

ሾፌሩ ጠራን። ወደ ድንበሩ ብዙ ሰው እየመጣ ነው ተብሏል። የውኃ በርሜሎቹን ሞልቻቸዋለሁ አለ። የእያንዳንዱን ክዳን ከፍቼ እጄን ውኃው ውስጥ ነክሬ አየሁና ተሳፈርኩ።