ልብስ ሰፊያችን ስለወደቀበት ደረጃ

ለተከበሩ የሰፈራችን ፖሊስ ጣቢያ አዛዥ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኛ ከልብስ ሰፊያችን ቀኝ እጅ በስተቀር ደህና ነን። ይህን በመጽሔት የምጽፍልዎ ፊትዎ ቆሜ ለመናገር ድፍረቱ ስላጠረኝ ነው፤ ድፍረት ቢኖረኝማ የዛሬ ሁለት ሳምንት መስኮቴን ባልዘጋሁ ነበር።

አንደኛ፣ ስለ ባልደረባዎ ትጋት እናመሰግናለን። የደንብ ልብስ ሱሪው ወገቡ ላይ ጠቦት እንዲሰፋለት ሰጥቶ ኖሮ፣ «ነገ ይደርሳል ወንድሜ» ሲባል ጉዳዩን ለነገ ሳያሳድር እዚያው ሱቁ በር ላይ በቆመጥ ጨርሶታል። በጠራራ ፀሐይ፣ መንገደኛው ሁሉ እያየ። ሕግ በአደባባይ ይከበር የሚባለው ይህ ይመስለኛል።

ሁለተኛ፣ ስለ ምርመራው ፍጥነት። የተሰበረው እጅ ጄሶ ሳይገባ ሌላው ባልደረባዎ የምስክር ቃል መቀበያ ወረቀት ይዞ ቤቴ ከተፍ አለ። «እትዬ፣ መቼም እርስዎ ጸሐፊ ነዎት፣ አሳምረው ይጻፉልን» አለኝ በትሕትና። እኔም አሳመርኩት። ልብስ ሰፊው ከሱቁ ደረጃ ላይ አዳልጦት ሲወድቅ አይቻለሁ ብዬ ጻፍኩ፣ ፈረምኩ፣ ሻይም ደገምኩለት። ክቡርነትዎ፣ ሱቁ ደረጃ የለውም። አሥራ አንድ ዓመት ልብሴን ታቅፌ የተመላለስኩበት ደፍ ከመንገዱ እኩል ነው፤ አሮጊቷ ጎረቤታችን እንኳ በተሽከርካሪ ወንበራቸው ዘው ይላሉ።

ሦስተኛው ስለ ሰኞ ጠዋቱ ሰልፍ ነው። አናጢያችን ባለሦስት እርከን የእንጨት ደረጃ ሠርቶ፣ ሰፈርተኛው ተሸክሞት መጥቶ በርዎ ላይ አስቀመጠው። ጩኸት የለ፣ ድንጋይ የለ። መዝገባችሁ ላይ ያለው ደረጃ ሱቁ ላይ ስለጠፋ ይኸው አሟልተናል፣ አሉ። ዘበኛዎ ሳቁ አምልጦት ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ፤ እንዳይቀጡት አደራ።

እኔ ከማዶ፣ ዳቦ ቤቱ ሰልፍ ውስጥ ነበርኩ። ተራዬ ሁለት ጊዜ ደርሶ ለሌላ ሰው አሳለፍኩ። የልብስ ሰፊው ባለቤት ከታችኛው እርከን ላይ ተቀምጣ ነበርና አየችኝ። ጠጋ ብላ ቦታ ለቀቀችልኝ፣ «ነይ እህቴ፣ ይበቃናል» አለች። ያንን የደረጃውን የምስክር ቃል ማን እንደጻፈው አላወቀችም። ዳቦዬን ይዤ ወደ ቤቴ ገባሁ።

አራተኛ፣ ሐሙስ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ይቀርባል፤ ከባልደረባዎ ወገን ያለው ማስረጃም የእኔ ውብ ጽሑፍ ብቻ ነው። እሱ ከጸና ሰውየው በራሱ ጥፋት እንደወደቀ ተቆጥሮ መዝገቡ ይዘጋል። ስለዚህ ቃሌ ሐሰት መሆኑን በዚህ ደብዳቤ አሳውቃለሁ። ቆመጡ አራት ጊዜ ሲወርድ አይቻለሁ፤ ሐሙስ ቀርቤ ይህንኑ እናገራለሁ። በሐሰት መስክረሻል ብለው ቢከሱኝ አልቀየምም፤ ከጣቢያዎ የሚወጣ የመጀመሪያው እውነተኛ ክስ ይሆናል።

ከማይነጥፍ አክብሮትና ከማይለቅ እፍረት ጋር፣
ከሱቁ ፊት ለፊት፣ ሁለተኛ ፎቅ፣ መጋረጃው የተዘጋው ቤት ነዋሪ

ሳልረሳው፦ የባልደረባዎ ሱሪ ወገቡ እንደተተረተረ ሱቁ ውስጥ ተሰቅሏል። አቧራ እንዳይነካው የልብስ ሰፊው ባለቤት በንጹሕ ጨርቅ ሸፍናዋለች። ሳይፈራ መጥቶ ይውሰድ፤ የሚወድቅበት ደረጃ እንደሌለ እኔ እፈርምለታለሁ።