የጓሮው ጎመንና የይርጋ ድርሻ

አብን ወልድን መንፈስ ቅዱስን ምስክር አድርጌ፣ እኔ ትርንጎ ወርቁ፣ ከደብረ ታቦር በታች በአንበሳሜ መንገድ ዳር የምኖር፣ የሟቹ የአቶ ሙላቴ ሚስት፣ ዛሬ ሚያዝያ ፳፫ ቀን ፲፱፻፴፩ ዓ.ም.፣ በዘመነ ሉቃስ፣ በጊዮርጊስ ዕለት ይህን ተናዝዣለሁ። የተሰበረው ጎኔ ነው እንጂ አእምሮዬ አይደለም። ደም እተፋለሁ፤ ቃሌ ግን አልደፈረሰም። የሚጽፉልኝ መሪጌታ አስረስ ናቸው። የሚሰሙኝ የነፍስ አባቴ አባ ወልደሚካኤል፣ ጎረቤቴ አቶ ደሳለኝ፣ ልጄ የሺ፣ እንዲሁም የባሌ የወንድም ልጅ ይርጋ ናቸው። ይርጋ ጣልያን የሰጠውን ካፖርት ለብሶ እግርጌዬ ተቀምጧል። ደህና አድርገህ ስማ፣ ይርጋ፤ አንተንም የሚነካ አለበት።

አስቀድሜ፣ ቀዩን በሬ ለተዝካሬ እረዱት። ካህናቱም ድሃውም ይብላ። ዶሮ ግን አንድም እንዳይታረድብኝ፤ ምክንያቱን ወደታች ትሰሙታላችሁ።

ቤቱን፣ ጓሮውን፣ ቆጡንም ከነቀሩት ዶሮዎች ለልጄ ለየሺ አውርሻለሁ። ወንድሟ በላይነህ እያለ ለሴት ልጅ ሰጠች የሚል ካለ ይበል፤ ፍግ ተሸክማ መሬቱን ያለማች እሷ ናት። አደራሽን የሺ፣ ለዶሮዎቹ ጎመኑን ከታች ከታች እየቀነጠስሽ ስጫቸው፤ ቀንበጡን አታስነኪ። መሬት ላይ አትበትኝው፤ ይረግጡትና ይተዉታል። በገመድ አስረሽ ከቆጡ ሥር አንጠልጥይው፣ እየዘለሉ ይንጩት። ጎመን የበላች ዶሮ የእንቁላሏ አስኳል ደማቅ ቢጫ ይሆናል።

ይኸው አስኳል ነው ጉዱን ያመጣው። ደብረ ታቦር የተቀመጠው የጣልያን ካፒቴን ወደደውና እንቁላሉን ሁሉ ለራሱ አደረገ፤ በዚህ ሰበብ ወታደር ጓሮዬን እንዳይደፍር ከለከለልኝ። እኔም ተጠቀምሁበት። ለዶሮዎቹ እያልሁ ጎመን በእንቅብ እሞላና ከሥሩ ጥይት እደብቅ ነበር፤ ባሌ ሙላቴ ደግሞ በዱር ላሉት አርበኞች ያደርስ ነበር። ልጃችን በላይነህ ከነሱ ጋር ነው። ካፒቴኑ ይጠብቀው የነበረው ጎመን የራሱን ወታደሮች የሚገድሉትን ሰዎች ያበላ ነበር፤ ይህን ሳስብ እስካሁን ደስ ይለኛል።

ባለፈው የሁዳዴ ጾም ካፒቴኑ ይርጋን አስተርጓሚ አድርጎ፣ ወታደሮቹን አስከትሎ ጓሮዬ ገባ። እንቅቡን አየና «ይህ ሁሉ ጎመን ወዴት ይሄዳል?» አለኝ። «ለዶሮዎቹ ነው ጌታዬ» አልሁ፤ አንድ ዝንጣፊም ወረወርሁላቸው። ተሻሙበት። ካፒቴኑ ሳቀ፣ አመነኝም። ይርጋ ግን አልሳቀም። «አክስቴ፣ በሁዳዴ? ሰው ሁሉ ጎመን በልቶ በሚያድርበት ጾም ማን የራሱን ወጥ ለዶሮ ይሰጣል?» አለኝ በአማርኛ። ከዚያ ዘወር ብሎ ለካፒቴኑ በጣልያንኛ ደገመው። ፈረንጁን አታልዬ ያገሬን ልጅ ረሳሁት። እናቱ ስትሞትበት በዚሁ ጓሮ ጎመን ያሳደግሁት እኔ ነኝ፤ ጾሙንም ያስተማርሁት እኔ ነኝ።

እንቅቡን ገለበጡት፤ ጥይቱ ተዘረገፈ። ሙላቴ ማጭዱን ይዞ ሲመጣ ሆዱን በሳንጃ ወጉት። ቶሎ አልወደቀም፤ የጎመን አገዳ ጨብጦ ተንበረከከ። «ይርጋ፣ አንተም?» አለው። ይርጋ አንገቱ ላይ ተኮሰበት። እኔ ስጮህ በሰደፍ ጎኔን ሰበሩኝ፤ ሞታለች ብለውም ተዉኝ። ወድቄ ሳይ ዶሮዎቼ ደም የተረጨበትን ቅጠል እየነጩ ይበሉ ነበር። ይርጋም አውራ ዶሮዬን አንገቱን ጠምዝዞ በጾም ሊበላው ይዞት ሄደ። ከዚያ ወዲህ የዶሮ ሥጋ ማየት አልቻልሁም።

አሁን ወደ ድርሻው ልምጣ። ይርጋ የመጣው ሊጠይቀኝ አይደለም፤ «ጓሮው የአያቶቼ ርስት ነው» ይላል። አልዋሸም፣ ርስቱ ነው። ስለዚህ ሙላቴ ከወደቀበት መደብ ላይ አንድ ሰው ለመጋደም የሚበቃውን ያህል መሬት ለይርጋ ሰጥቻለሁ። ከዚያ አንድ ስንዝር የጨመረለት ከርስቴ ይነቀል።

አባ ወልደሚካኤል መስቀላቸውን ዘርግተው «ልጄ፣ በሞት አፋፍ ላይ ሆነሽ ነፍስሽን አታስኰንኝ፤ ይቅር በይው» ይሉኛል። አባቴ፣ የጎኔን ስብራት ይቅር ብዬዋለሁ፤ ይጻፍ። የሙላቴ ደም ግን የልጁ የበላይነህ ነው፤ የሰው ገንዘብ አልናዘዝም። «እንግዲያውስ አልፈርምም» ብለውኛል። እሱም ይጻፍ።

ለልጄ ለበላይነህ የማወርሰው አንድ ጠመንጃ ነው። የኔ አይደለም፤ ይርጋ ዛሬ ይዞት የመጣው ነው። መስቀል ወዳለበት፣ ሰው ወደሚናዘዝበት ቤት ጠመንጃ ይዞ መግባት ነውር ነው። ባንዳም ቢሆን ይህን ወግ አልረሳም፤ ደጃፉ ላይ አስደግፎት ገባ። እንደሚያስደግፈው ስለማውቅ ነው «ርስት ላካፍልህ ና» ብዬ የላክሁበት። እሱ በወጋችን ያዘኝ፣ እኔም በወጋችን ያዝሁት። ይርጋ፣ ዘወር በልና በሩን እይ። ጠመንጃህን ይዞ የቆመው በላይነህ ነው።

መሪጌታ፣ አይደንግጡ፤ ይጻፉ። በላይነህ፣ እቤቴ ውስጥ እንዳትተኩስ። መጀመሪያ ይፈርም፣ ከዚያ ወደ ድርሻው ውሰደው።

ይህ ቃል ተነቦልኝ የራሴ መሆኑን አምኜ አውራ ጣቴን አትሜያለሁ።

ተናዛዥ፦ ትርንጎ ወርቁ (የጣት አሻራ)

ጸሐፊ፦ መሪጌታ አስረስ (ፊርማ)

ምስክር፦ ደሳለኝ (የጣት አሻራ)

ምስክር፦ ይርጋ (የጣት አሻራ፤ አቶ ደሳለኝ እጁን ይዘው አሳትመውታል)

ምስክር፦ አባ ወልደሚካኤል አልፈረሙም። መስቀላቸውን ይዘው፣ ይርጋን ሊያናዝዙት ተከትለውት ወደ ጓሮ ወጥተዋል።