መርከቧ ከዴሎስ እስክትመለስ

አቴና፤ በታርጌልዮን ወር፣ ጨረቃዋ እየጎደለች ባለችበት ሰሞን

በአፖሎ መርከብ የፊት ጫፍ ላይ ቆመህ ነፋሱን ለምትከታተለው፣ ለወንድሜ ልጅ ለፋንያስ፤ ዴሎስ ደሴት

ልጄ፣

አባትህ ሞት ተፈርዶበታል። የሚገደለው እናንተ ያላችሁባት መርከብ ወደብ በገባች ማግስት ነው።

ከሌላ ሰው አፍ ከምትሰማው ከእኔ ብትሰማው ይሻላል ብዬ ነው የምጽፍልህ። ደብዳቤውን የሚያደርስልህ የቴኖስ ደሴቱ ነጭ ሽንኩርት ነጋዴ ነው፤ ወሬ ይወዳል፣ ደግነቱ ማንበብ አይችልም። እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ያው ነው። ከእንቅልፌ የምነቃው ግን ጥርሴን ነክሼ ነው።

እናንተ በተነሳችሁበት ጠዋት ችሎቱ ገና አልተሰየመም ነበር። "በመቀጮ ይለቁታል፣ አክስቴ" ብለኸኝ ሄድክ። እኔም እንደዚያ አስቤ ነበር። ክሱን ታውቀዋለህ፤ በገበያ መሀል ወጣቶቹን ሰብስቦ "አምላክ ንጹሕ ከሆነ እኛ እጃችንን ብንታጠብለት ምን ይጨመርለታል?" ብሎ ጠየቀ ነው። ጠየቀ! ሰው ገደለ አላሉም፣ ሰረቀ አላሉም።

ሴት ችሎት ስለማትገባ የምሸጠውን የአበባ ጉንጉን ይዤ ከአጥሩ ውጭ ቆምኩ፤ ቀኑን ሙሉ አንድም አልሸጥኩ። ዳኞቹ ድምፅ ሰጡና በጥቂት ብልጫ ጥፋተኛ ነው ተባለ። ከሳሹ ሞት ጠየቀ። አባትህም በፈንታው የራሱን ቅጣት እንዲያቀርብ ተራ ተሰጠው። እንግዲህ ዳኞቹ ከሁለቱ አንዱን ሊመርጡ ነው። ስደት እጠይቃለሁ ብሎ ምሎልኝ ነበር። ጎረቤት ከተማ ሜጋራ ያለችው የባሌ እህት ክፍል ጠርጋ፣ አልጋ ዘርግታ ትጠብቀው ነበር።

ምን አለ መሰለህ? "የሚገባኝ ቅጣት ዕድሜ ልኬን እዚህ ወንበር ላይ ከእናንተ ጋር ዳኛ ሆኜ መቀመጥ ነው። ከዚህ የከፋ አላውቅም።"

ሳቁ አጥር አልፎ ተሰማኝ። ሲቆም ለሁለተኛ ጊዜ ድምፅ ሊሰጡ ተነሱ፤ ያኔ አለቀ አልኩ።

ቆዳ ፋቂው ጎረቤታችን ስሚክሮስ ከአምስት መቶዎቹ ዳኞች አንዱ ነበር። በማግስቱ ለልጁ ሠርግ ጉንጉን ሊያዝዝ መደቤ ድረስ መጣ።

"አማልክት ያጽኑሽ፣ እትዬ ኒካሬቴ" አለኝ። "እኔ በበኩሌ ንጹሕ ነው ብዬ ነው ድምፄን የሰጠሁት።"

"በመጀመሪያው ነው በሁለተኛው?"

"በመጀመሪያው።"

"በሁለተኛውስ?"

ጢሙን አሻሸ። "በሁለተኛው… ሰደበን እኮ! እኔ ለእሱ ብዬ ከጎረቤቶቼ ተለይቼ፣ እሱ ዞሮ እኔን ይስደብ?"

"ስለዚህ ንጹሑን ሰውዬ ግደሉት አልክ።"

"አንቺም እንደ ወንድምሽ ነገር ታጣምሚያለሽ።"

"የቱ ጋ ነው ያጣመምኩት? አቃናልኝ።"

ወደ መደቤ ዞረ። "ጉንጉኑስ?" አለ።

"ሂድና እጅህን ታጠብ፣ ስሚክሮስ። ቢያንስ የቆዳው ሽታ ይለቅህ ይሆናል።"

ብቻውን ቢሆን ኖሮ አንድ ቂል አገኘሁ ብዬ እተወው ነበር። ብቻውን አይደለም። ለሞቱ የተሰጠው ድምፅ ለጥፋተኛነቱ ከተሰጠው በልጧል። አላጠፋም ብለው ያመኑ ሰዎች፣ ስለ ቀለደባቸው ይሙት አሉ። ከዚያ የቀን አበላቸውን ተቀብለው እራታቸውን ሊበሉ ገቡ። አሁን በገበያው ሳልፍ ጤና ይስጥልኝ ይሉኛል።

ያንኑ ዕለት ይገድሉት ነበር። ያተረፈው ካህኑ በችሎቱ ዋዜማ በመርከቧ የኋላ ጫፍ ላይ የሰቀለው ጉንጉን ነው። እሱ ከተሰቀለ ጀምሮ መርከቧ የአፖሎን በዓል ዴሎስ ላይ አክብራ እስክትመለስ ድረስ ከተማዋ ንጹሕ ሆና መቆየት አለባት፤ ሰው አይገደልም። ጉንጉኑን የጎነጎንኩት እኔ ነኝ፤ ተሸክመህ የወሰድከው አንተ። ካህኑ "ጠበቅ አድርጊው፣ በመንገድ እንዳይረግፍ" ሲለኝ ጠበቅ አደረግኩት። የወንድሜ ነፍስ እሱ ላይ እንደምትንጠለጠል ማን ነግሮኝ? ምሕረት አድርገንለታል የሚል ሰው ቢያጋጥምህ አትመነው። ምሕረት የለም። እጇን ታጥባ፣ መርዟን አዘጋጅታ፣ ደጅ ቆማ መርከብ የምትጠብቅ ከተማ ናት ያለችው።

ጠዋት ጠዋት የገብስ ዳቦና ወይራ ይዤ ወህኒ እሄዳለሁ። አባትህ እግሩ ላይ ካለው ሰንሰለት በቀር ደህና ነው።

"እታለም፣ በመታጠብ አላግጬ ታሰርኩ" ይለኛል። "አሁን የሚያኖረኝ ያው መታጠባቸው ነው። አያስቅም?"

"አያስቅም።"

"ትንሽ እንኳ?"

"ዳቦህን ብላ።"

ተማሪዎቹ ዙሪያውን ከበው ያለቅሳሉ፤ ቃሉንም ይሸመድዳሉ። አንዱን ረጅሙን "ይህን ሁሉ ከምትሸመድድ ተሸክመኸው አትወጣም?" አልኩት። ለካ አስበውበታል። በር ጠባቂው ፊቱን ሊያዞር ተስማምቷል፤ በቅሎም ተገኝቷል። እንቢ ያለው አባትህ ነው።

"ከሸሸሁ፣ ስሚክሮስ በሠርጉ ላይ 'አላልኳችሁም?' ይላል" አለኝ።

"ይበል እንጂ! ድምፁ ሜጋራ ድረስ አይሰማህም።"

"ለእኔ ይሰማኛል፣ እታለም።"

ተናድጄበታለሁ፣ ፋንያስ። እናቴ ስትሞት ጡት ያስጣልኩት እኔ ነኝ፤ የእናንተን ቤት እሳት እስከ ዛሬ የማነደው እኔ ነኝ፤ ለአንድ ቀልድ ብሎ ጥሎኝ ሊሄድ ነው። ፊት ለፊቱ ነግሬዋለሁ፤ ጮኼም ነግሬዋለሁ፤ ጠባቂው ሁለቴ አስወጥቶኛል።

ግን ትናንት፣ ልወጣ ስነሳ፣ "የሜጋራው ክፍል መስኮቱ ወዴት ነው?" አለኝ።

"ወደ ባሕር" አልኩት። ወዴት እንደሆነ አላውቅም። እሱም "ባሕር ጥሩ ነው" አለና ወይራውን በላ። ከታሰረ ወዲህ ስለ ሜጋራ ሲጠይቅ የመጀመሪያው ነው። አውቀዋለሁ፤ ልጅ ሆኖም መጀመሪያ እንቢ ይላል፣ ከዚያ ይጠይቃል፣ ከዚያ ተነስቶ ይመጣል። ብቻ አይቸኩልም። ጥቂት ቀን ባገኝ አወጣዋለሁ።

ልጽፍልህ እንደሆነ ስነግረው አደራ ሰጠኝ፤ አደራ አይበላምና እንዳለ ይኸው። "ለፋንያስ ንገሪው፤ የመርከቧ መሪ ያለ እሱ ቃል መልሕቅ አያነሳም። ነፋሱን እንደሆነው ይናገር። ለእኔ ብሎ አይዋሽ።"

ይህ የአባትህ ቃል ነው። የልጅ ነገር አባቱን መስማት ነው፤ በዚህ መሀል አልገባም።

እኔ ግን ዓይንህን አውቀዋለሁ። ትንሽ ልጅ ሆነህ ፒሬዎስ ወደብ ላይ "ነገ ይጠራል" ብለኸኝ ዝናብ የደበደበን ጊዜ አለ። ማንም ይሳሳታል። በዚህ ከተማ በጥያቄ የሚከሰስ ሰው አይቻለሁ፤ በነፋስ ተሳስቶ የተከሰሰ ሰው ግን እስከ ዛሬ አልሰማሁም።

ወፍራሙን ካባህን ከነጋዴው ጋር ልኬልሃለሁ፤ ልብስህን ሳትደርብ ከፊት አትቁም። የምትቆምበት እንጨት ይጽናልህ። ያሳደጉህ እጆች ያልደረሱበትን አፖሎ ይሙላልህ። ወደ ቤትህ የሚመልስህ ባሕር ደግ ይሁን፤ ብቻ አይቸኩል።

አክስትህ ኒካሬቴ

ነጋዴው እንደሚለኝ በዓሉ የሚያበቃው አዲሷ ጨረቃ በታየች ዕለት ነው። በማግስቱ ጠዋት መሪው "ነፋሱ እንዴት ነው?" ብሎ ይጠይቅሃል።