ቆማ የከረመችው አውሮፕላን

ኡምሰልማዬ፣ እንዴት ከረማችሁ?

ወንድሜ ሲራጁዲን የፓይለት ላይሰንሱን አግኝቶ ትናንት እዚህ ዴንተን ኤርፖርት ሊገዛ አሮጌ ትንሽ አውሮፕላን ሲመርጥ አብሬው ነበርኩ። አንዷ ቀለሟ የለቀቀ ግን በየሳምንቱ የምትበር፣ ሌላዋ ዓመታት ሙሉ ቆማ የከረመች፣ የምታብረቀርቅ። እኔ እንደ ደሴ መኪና ገዢ ቆርቆሮዋን በጣቴ አንኳኩቼ፣ «ብዙ ያልተነዳችውን ውሰዳት፣ አዲስ ናት!» አልኩት።

ሳቀብኝ። «ኖ፣ ሁስና! ማለቴ፣ ሞተር ዝም ብሎ ከቆመ ከውስጥ ይዝጋል። ሶ፣ የምትበረዋን ቼክ አስደርጌ እገዛለሁ።»

እኔ ያሰብኩት የአባትሽን ፔጆ ነው፤ ከሞቱ ወዲህ ሸራ አልብሰሽ ያቆምሻትን። በይ ገልጠሽ አስነሻትና ሐይቅ ድረስ ንጃት። ፖስት ካርዱ ሞላብኝ፤ ልጆቹን ሳሚልኝ። ስትነጃት እናትሽን ከፊት አስቀምጫቸው።

ሁስና